የልጆቻችንን ቋሚ መንጋጋ በምን እንሸፍን?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ የሰፈራችን ነዋሪ የጥርስ ሐኪም የተደረገ ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ለመገኘት ላልቻሉ አባላት ሲባል ቃሉ ከዚህ በታች ወጥቷል።)




ከሁሉ አስቀድሜ የማኅበሩ ኮሚቴ ይህን ጉዳይ በአጀንዳ በመያዙ ላመሰግን እወዳለሁ። ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድና ስለ ጥበቃ በምንነጋገርበት አዳራሽ ስለ ልጆች ጥርስ መነጋገር ለአንዳንዶቻችን ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ኮሚቴው እንዳስታወቃችሁ፣ ለልጆች ጤና ከተያዘው ገንዘብ ላይ የአንደኛ ክፍል ልጆቻችንን መንጋጋ እናሸፍን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። በሐሳቡ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ «በምን እናሸፍን?» በሚለው ላይ ነው። ግማሾቻችን ሬዚን የሚባለው ይሁን ብለናል፤ ግማሾቻችን ደግሞ ግላስ አዮኖመር የሚባለው ይሻላል ብለናል። እኔም የተጠየቅሁት ሁለቱን አወዳድሬ እንዳቀርብ ነው። ውሳኔው የእናንተ ነው፤ ይሁን እንጂ እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ነገሩን ከሥሩ ማወቁ ስለሚበጅ ከጥርሱ ልጀምር።

1. የትኛው ጥርስ ነው?

ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ፣ በላይም በታችም፣ በግራም በቀኝም አንዳንድ መንጋጋ ይበቅልለታል። በጠቅላላው አራት ናቸው። የፊት ጥርስ ሲነቃነቅ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ሲወልቅም ልጁ ጣሪያ ላይ ወርውሮት ይደሰታል። ይኼኛው መንጋጋ ግን ማንንም ሳይጥል፣ ማንንም ሳይተካ፣ ባዶ በነበረው ድድ ላይ ዝም ብሎ ስለሚወጣ ልብ የሚለው የለም። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል።

ጉዳቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው «ጥርሴን አመመኝ» ይላል። «የወተት ነው፤ ይወድቃል፤ ሌላ ይበቅላል» ይባላል። ማስታገሻ ይሰጠዋል፣ ቅርንፉድ ይደረግለታል፣ ያልፍለታል። በሥራዬ ደጋግሜ የማየው እንዲህ ያለውን ልጅ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ጥርሱ እስከ ሥሩ ተበልቶ ጉንጩ አብጦ ይገኛል። ሥሩን አክሞ ማዳን የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ገንዘብም ምልልስም ስለሚጠይቅ አብዛኛው ቤተሰብ «ይነቀልለት» ይላል። ይነቀላል። እናትየዋም «መቼ ይበቅላል?» ብላ ትጠይቃለች። አይበቅልም። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሊያኝክበት የነበረውን ዋና መንጋጋ በዘጠኝ ዓመቱ አጣ ማለት ነው። ከኋላው ያለው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ያጋድላል፤ ከላይ ያለውም ይወርዳል፤ የአፉ አሰላለፍ ይበላሻል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁን አፋቸውን አስከፍቱና በባትሪ እዩ። ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ስድስተኛው ጥርስ እሱ ነው። ካለ፣ ቋሚ ነው። በዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ደግሞ ከእሱ ኋላ ሁለተኛው ቋሚ መንጋጋ ይከተላል።

2. ለምን ይህ ጥርስ በተለይ ይጎዳል?

የመንጋጋ ማኘኪያው ፊት ልሙጥ አይደለም። ሸለቆና ጉብታ የበዛበት ነው። ከሸለቆዎቹ አንዳንዶቹ ከመጥረጊያ ብሩሽ ፀጉር ይልቅ የጠበቡ ናቸው። ብሩሹ ቢፋተግም፣ መፋቂያ ቢታሸበትም ሥሩ ድረስ አይደርስም። ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ግን ይደርሳሉ። በዚያ የተወሸቁት ጀርሞች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ጥርሱን ከውስጥ ይበላዋል። በልጆች ቋሚ መንጋጋ ላይ ከሚታየው መበስበስ አብዛኛው የሚጀምረው ከእነዚህ ሸለቆዎች ነው።

በዚህ ላይ ጥርሱ ድዱን ከቀደደ በኋላ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከላይኛው ጋር እስኪገጥም ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሎ ስለሚቆይ ብሩሽ ያልፈዋል፤ ምግብ ግን ይከማችበታል። ክፉው ጊዜ ይህ ነው። የእኛም ክርክር መልሱን የሚያገኘው ከዚህ ጊዜ ስለሆነ ልብ በሉልኝ።

3. የመሸፈን ሐሳብ ከየት መጣ?

ሐሳቡ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። ጥርሱ ሳይበሰብስ ሸለቆውን በአንድ ነገር ደፍኖ ምግብና ጀርም እንዳይገባ ማድረግ ነው። አይቦረቦርም፣ መርፌ አይወጋም፣ ልጁም አያመውም።

ችግሩ ለብዙ ዘመን በእርጥብ አፍ ውስጥ በልሙጥ ጥርስ ላይ ምን ይጣበቃል የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቦኖኮር የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፣ ፋብሪካዎች ቀለም እንዲይዝላቸው ብረትን አስቀድመው በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚያጥቡ አይቶ ያንኑ በጥርስ ላይ ሞከረ። አሲዱ የጥርሱን ፊት በዓይን በማይታይ ደረጃ ያሻክረዋል፤ በተሻከረው ላይ የሚፈሰው ሬዚን ወደ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። በ1960ዎቹ ደግሞ ራፋኤል ቦወን የፈጠረው ጠንካራ ሬዚን ተጨመረና የጥርስ መሸፈኛ ለገበያ የሚበቃ ሆነ።

ሁለተኛው ዕቃ የተወለደው በእንግሊዝ አገር ነው። አላን ዊልሰንና ብራያን ኬንት የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቃውንት በ1960ዎቹ መጨረሻ የብርጭቆ ዱቄትን ከአንድ ዓይነት ለስላሳ አሲድ ጋር በማዋሐድ ግላስ አዮኖመር የተባለውን ሲሚንቶ ሠሩ። ይህ ሲሚንቶ ከጥርሱ ጋር በራሱ ይጣበቃል፤ በውስጡም ፍሎራይድ ስላለው ጥቂት በጥቂቱ ለጥርሱ ይለቅለታል።

4. አናጢውና ግንበኛው

የሁለቱን ልዩነት በአጭሩ ለማስረዳት ከሰፈራችን ሙያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በአጠና ተራ በኩል የሚሠሩ አናጢዎቻችንን ጠይቁ። ሁለት ጣውላ በኮላ ሲያያይዙ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩታል፤ ከዚያም ጣውላው ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ጣውላ ላይ ኮላ ቢፈስ ዛሬ የያዘ ይመስላል፤ ነገ ይላቀቃል። ሬዚን ልክ እንዲህ ነው። ጥርሱ ይጸዳል፤ በጥጥ ተከልሎ አሲድ ከ15 እስከ 30 ሴኮንድ ይቀባል፤ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ በአየር ይደርቃል። ደርቆ እንደ ኖራ ሲነጣ ሬዚኑ ይፈስበታል፤ በሰማያዊ መብራትም ወዲያው ይደርቃል። በመሐሉ ልጁ ምላሱን አንሥቶ ምራቅ ካስነካው ሥራው ሁሉ ከንቱ ነውና እንደገና ይጀመራል።

አሁን ደግሞ ግንበኛውን ጠይቁ። ግድግዳ ሊለስን ሲል ደረቁን ግድግዳ ውሃ ይረጨዋል፤ ሲሚንቶ መጠነኛ እርጥበት ይወዳልና። ግላስ አዮኖመርም ለእርጥበት የሚታገሥ ነው። ጥርሱ ይጸዳል፤ ዱቄቱና ፈሳሹ ይለወሳል፤ በጥርሱ ላይ ይደረጋል፤ ሐኪሙም ጓንቱን ቫዝሊን ቀብቶ በጣቱ ወደ ሸለቆው ይጫነዋል። በጥቂት ደቂቃ ይጠነክራል። ይህ ማለት አፉ በምራቅ ተሞልቶ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ጥጡ ያስፈልጋል። ነገር ግን ትንሽ እርጥበት ሥራውን አያጠፋበትም። መብራት ቢጠፋም አይቆምም።

5. ማወዳደር

ሀ) ጥንካሬ። በዚህ ሬዚን ይበልጣል። በደንብ የተሠራ ሬዚን ለዓመታት ይቆያል። ግላስ አዮኖመር ቶሎ ይሸረፋል፤ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ከላይ የሚታየው የሚወልቅበት ልጅ ብዙ ነው።

ለ) ጥርስን ማዳን። ሰው ሁሉ «የቆየው አዳነ፤ የወለቀው አላዳነም» ብሎ ይደመድማል። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። ግላስ አዮኖመሩ ከላይ ሲወልቅ በሸለቆው ሥር ትንሽ ቅሬታ ይቀራል፤ እስከዚያም ፍሎራይዱን ለግሷል፤ ጥርሱም ክፉውን ጊዜ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጥናት መዛኝ ድርጅት ከ7,900 በላይ ልጆች የተካፈሉባቸውን 38 ጥናቶች መርምሮ ነበር። ስለ ሬዚን የደረሰበት ግልጽ ነው። ሳይሸፈኑ በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶ 40 የሚበሰብሱ ቢሆን፣ በሬዚን ሲሸፈኑ ከመቶ 6 ያህል ብቻ ይበሰብሳሉ። ሬዚንና ግላስ አዮኖመር ሲወዳደሩ ግን በመቆየት ሬዚን ቢበልጥም፣ መበስበስን በመከላከል አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም።

ሐ) የሚያስፈልገው ዕቃ። ለሬዚን ወንበር፣ ምራቅ መሳቢያ፣ የአየር ኮምፕሬሰርና ማድረቂያ መብራት ያስፈልጋል። ማድረቂያው መብራት በባትሪ የሚሠራ አለ፤ ኮምፕሬሰሩና መሳቢያው ግን ኃይል ይፈልጋሉ። ለግላስ አዮኖመር ጠረጴዛ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ጥጥ፣ ባትሪና በእጅ የሚሠራ መሣሪያ ይበቃል። ጎረቤታችን ምሥራቅ አፍሪካ ለዚህ ምስክር ናት። በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ ያለ መቦርቦሪያ ማሽንና ያለ ኤሌክትሪክ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ ጥርስ የመጠገን ዘዴ ተጀመረ። ኋላ ግላስ አዮኖመር የዘዴው ዋና ዕቃ ሆነ፤ ዘዴውም ወደ ሌላው ዓለም ተዛመተ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ግላስ አዮኖመርን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል።

መ) ልጁና ጥርሱ። ግማሹ ገና በድድ ሥር ያለ ጥርስ ሊደርቅ አይችልም፤ ድዱ ሁልጊዜ ያረጥበዋል። ሬዚን እሱ ላይ አይይዝም። አፉን ከፍቶ ለመቆየት ትዕግሥት የሌለው ልጅም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ ግላስ አዮኖመር ይሻላል። ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ለወጣና ለሚታዘዝ ልጅ ግን ሬዚን የተሻለ ነው።

6. በእኛ ሰፈር የትኛው ይሁን?

እንግዲህ የእኔን ሐሳብ ልናገር።

ሬዚን ይሁን የሚሉት ወገኖቻችን ምክንያታቸው ትክክል ነው፤ «ዛሬ ተሠርቶ ነገ ለሚወልቅ ነገር ገንዘብ አናውጣ» ይላሉ። ሆኖም ሬዚን ካልን ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ ክሊኒክ መላክ አለብን። በአንዱ ቀን መብራት ይጠፋል፤ በሌላው ቀን ወላጅ ከሥራ ቀርቶ ልጁን መውሰድ አይችልም። በመጨረሻ የሚሸፈንላቸው ወላጃቸው ጊዜም የታክሲ ገንዘብም ያላቸው ልጆች ይሆናሉ። እነዚህ ደግሞ ማኅበሩ ባይኖርም ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። በጉልት የምትውል እናት ልጅ፣ ቀኑን በጉልበት ሥራ የሚውል አባት ልጅ ይቀራል። የማኅበሩ ገንዘብ የሁላችንም መዋጮ ነው፤ መዋጮውን የሚሰጡት እነሱም ናቸው።

በሌላ በኩል የአንደኛ ክፍል ልጆች አብዛኞቹ ጥርሳቸው በመውጣት ላይ ያለ ነው። ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኩት ክፉው ጊዜ ላይ ናቸው። ጥርሱ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ እንጠብቅ ካልን የሚበሰብሰው በመጠበቂያው ጊዜ ነው።

በመሆኑም የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው፦

አንደኛ፣ በትምህርት ቤቱ ፈቃድ እዚያው በክፍል ውስጥ የአንደኛ ክፍል ልጆች ሁሉ በግላስ አዮኖመር ይሸፈንላቸው። ማንም አይመረጥ፤ ማንም አይቅር። የሚሠራውም ፈቃድ ያለው የጥርስ ባለሙያ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ስምና የተሸፈነለት ጥርስ በመዝገብ ይያዝ። በስድስት ወርና በዓመቱ ይታዩ። የወለቀበት ይደገምለት። ያለ መዝገብ የሚሠራ ሥራ ዘርቶ አለማረም ነውና፣ ገንዘቡ ለሁለቱ ጊዜ ምርመራ የማይበቃ ከሆነ የልጆቹ ቁጥር ሳይቀነስ ሥራው በሁለት ዙር ይከፈል እላለሁ።

ሦስተኛ፣ በዓመቱ ሲታዩ ጥርሳቸው ሙሉ በሙሉ የወጣና ሸለቆው ጠለቅ ያለ ልጆች ተለይተው በክሊኒክ ሬዚን ይደረግላቸው። እንዲህ ሲሆን ሬዚኑም ለሚገባው ይደርሳል፤ የሁለቱም ወገን ሐሳብ በየቦታው ይውላል።

አራተኛ፣ ቀድሞ ቀዳዳ የተከፈተበት ጥርስ የተገኘበት ልጅ በመሸፈኛ ተደፍኖ አይለቀቅ፤ ለሙሌት ይላክ። ገና ቀዳዳ ያልሆነ፣ መልኩ ብቻ የተለወጠ ጥርስ ግን ቢሸፈን መበስበሱ ይገታል።

7. መሸፈኛው የማያደርገው

መሸፈኛ ተደረገ ማለት ነገር አለቀ ማለት አይደለም። የሚጠብቀው የማኘኪያውን ፊት ብቻ ነው፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን አይጠብቅም። ስለዚህ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ አይቀርም። መፋቂያም ጥሩ ነው፤ ንጹሕ ይሁን፣ ድድ አያድማ፤ ግን የኋላውን መንጋጋ ለመድረስ ትንሽ ብሩሽ ይሻላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት እንኳ ለዚህ አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል። ልጁ አረፋውን ይትፋ፤ ደጋግሞ መጉመጥመጥ አያስፈልገውም። ማታ ከተቦረሸ በኋላ ሻይም ከረሜላም የለም። እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ድረስ የሚቦርሸው ወላጅ ይሁን፤ የልጅ እጅ ኋላ አይደርስም።



ከንግግሩ በኋላ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እኔ ያደግሁት ወንጂ ነው። ጥርሳችን የቡናማ የሆነው በፍሎራይድ ነው ይሉናል። ታዲያ እንዴት ለልጆቻችን ፍሎራይድ ትሰጡብናላችሁ?»

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይ አካባቢ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ብዙ እጥፍ ያለበትን ውሃ ጥርስ በሚሠራበት ዕድሜ በየቀኑ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይጎዳል፤ ሲብስ አጥንቱም ይጎዳል። እኛ ጋ ገፈርሳን የመሰሉ ግድቦች የሚያጠራቅሙት የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ ጥቂት ነው። በመሸፈኛው ያለው ደግሞ ጥርሱ ላይ የሚቀር ጥቂት መጠን ነው። ጨው ወጥ ያጣፍጣል፤ ሲበዛ ወጡን ያበላሻል። ነገሩ የመጠን ነው። ለዚህም ነው የጥርስ ሳሙና ልጅ አይዋጥ የምንለው።

ጥያቄ፦ «ሬዚን ፕላስቲክ ነው፤ ልጁ ይውጠዋል፤ መርዝ አይሆንበትም ወይ?»

መልስ፦ ከአንዳንዱ ሬዚን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢስፌኖል የሚባል ነገር በጣም ጥቂት ምራቅ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው እንደ ጨረሰ ፊቱን በጥጥ ይጠርገዋል፤ ልጁም ይጉመጠመጣል። ይህ ከተደረገ የሚያሰጋ አይደለም። ግላስ አዮኖመር ግን ይህ ነገር የለበትም።

ጥያቄ፦ «ግማሹ ቢወልቅስ? ሥሩ ምግብ ገብቶ ከድሮው አይብስም እንዴ?»

መልስ፦ ብዙ ሰው ይህን ይፈራል። ጥናቶች ሲታዩ ግን መሸፈኛው የወለቀበት ጥርስ ጨርሶ ካልተሸፈነው የባሰ አይበሰብስም። ቢሆንም ይደገምለት፤ መዝገብ ይያዝ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)፦ «የእኔ ልጅ አሁን ዐሥር ዓመቱ ነው። አለፈው ማለት ነው?»

መልስ፦ እማማ፣ አላለፈውም። የስድስት ዓመቱ መንጋጋ ደህና ከሆነ አሁንም ይሸፈናል። ደግሞ ሁለተኛው መንጋጋ በዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ይመጣል። እሱን ጠብቂው።

(ከኮሚቴው፦ በሐሳቡ ላይ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። እስከዚያው ወላጆች የልጆቻቸውን አፍ አይተው ስድስተኛው ጥርስ መውጣቱንና አለመውጣቱን በየብሎካቸው ለሚገኝ የኮሚቴ አባል እንዲያስመዘግቡ እናሳስባለን።)